አጎቴ የማያውቁትን ምስጢር በልቦለድ ላውጣው?

ሰላም ለእርስዎ። ዓምድዎን ሳነብ ቆይቻለሁ፤ ስጽፍልዎ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

41 ዓመቴ ነው። መምህርት ነኝ። ማታ ማታ ልቦለድ እጽፋለሁ። ታሪኩ የሦስት ትውልድ ነው፤ የሴት አያቴ፣ የእናቴና የእኔ። ስጀምረው ምስጢር የሚባል ነገር አልነበረውም። በቤታችን ሁሉም የሚያውቀውን ነበር የምጽፈው። ሴት አያቴ እምዬ በጣሊያን ጊዜ ፍቼ ውስጥ ወጣት ነበረች። ወንድ አያቴ አባባ ጫካ የገቡ አርበኛ ነበሩ። ስንቅ ስታመላልስላቸው ተዋደዱ። በ1932 የመጀመሪያ ልጃቸው ተወለደ። ነፃነት ሲመጣ በቁርባን ተጋቡ። እኛ የምናውቀው ይህንን ነው።

አምና እናቴ ቤት ስትቀይር የእምዬን ሳጥን ከፈትን። ከታች በነጠላ የተጠቀለሉ አራት ደብዳቤዎችና የአንድ ወጣት ፎቶግራፍ አገኘን። ኮት ለብሷል። አባባ አይደሉም። ደብዳቤዎቹ የፍቅር ናቸው። የጻፋቸው ሰው በጣሊያኖች ቢሮ አስተርጓሚ ነበር። የመጨረሻው በ1933 መጀመሪያ የተጻፈ ሲሆን «ልጁን ሳሚልኝ» ብሎ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ምን እንደደረሰበት የሚያውቅ የለም።

እናቴን ስጠይቃት አልደነገጠችም። ታውቅ ነበር። እምዬ ልትሞት አካባቢ ስታስታምማት ነግራታለች። የታላቅ ወንድሟ፣ የእኛ ጋሽዬ፣ ወላጅ አባት ያ አስተርጓሚ ነው። «እሱ እንዳይሰማ» ብላ አደራ ጥላባታለች። አባባ ያውቁ እንደነበር እናቴ ትገምታለች።

ጋሽዬ 85 ዓመታቸው ነው። በየዓመቱ ሚያዝያ 27 የአባባን ኒሻኖች ደረታቸው ላይ ደርድረው አራት ኪሎ የድል ሐውልት ይሄዳሉ። ልጆች ሳለን ሲናደዱ ከአፋቸው የምትወጣው ስድብ አንዲት ነበረች፤ «የባንዳ ዘር!»

ከዚያ ወዲህ ልቦለዱ ሌላ ሆነ። አስተርጓሚው ገጾቹን ሁሉ ወረሳቸው። ፍቅሩ እውነተኛ ነው። የእጅ ጽሑፉ ያምራል። ባንዳ ነበር ብዬ ማመን አቃተኝ። በሁለተኛው ደብዳቤ «የላክሁት መድኃኒት ደረሰ ወይ?» ይላል። ለማን እንደላከው አይናገርም። ምናልባት የውስጥ አርበኛ ይሆን?

አንድ አሳታሚ ረቂቁን አንብቦ ወዶታል። ለሚቀጥለው የድል በዓል እናድርሰው ይለኛል። እናቴ «ወንድሜ በሕይወት እያለ ብታወጪው እኔን ቀብረሽ አውጪው» አለችኝ። ወንድሜ ደግሞ «ልቦለድ ነው፤ ስም ቀይሪና አለቀ» ይላል። እኔ አስተርጓሚውን ጣሊያናዊ መኮንን ላድርገው ብዬም አስቤያለሁ። ያኔ ማንም ከጋሽዬ ጋር አያገናኘውም። ግን እውነትን መቅበር ነውር አይደለም? የራሴን ቤተሰብ ታሪክ የመጻፍ መብትስ የለኝም?

ር. (ስምና ቤተሰቡን የሚያስለዩ ዝርዝሮች ተቀይረዋል)

ውድ ር.፣

ሁለት ነገር አንድ ላይ ተጣብቆብሻል፤ መጀመሪያ እናላቅቀው። አንደኛው ጋሽዬ ስለ ልደታቸው ይወቁ ወይስ አይወቁ የሚለው ነው። ሁለተኛው መጽሐፉ ይውጣ ወይስ አይውጣ የሚለው ነው። አሳታሚው ቀን ስለቆረጠ ሁለቱ አንድ ጥያቄ መስለውሻል። አይደሉም። የእኔን አቋም ሳልሸፍን ልንገርሽ። ጋሽዬ ይህን ነገር ከመጽሐፍ፣ ወይም መጽሐፉን ካነበበ ጎረቤት መስማት የለባቸውም። ይህ ከተጠበቀ የቀረው ሁሉ በእርጋታ የሚወሰን ነው።

ጥፋተኝነት እየበላሽ እንደሆነ ከአጻጻፍሽ ይታያል። ደብዳቤዎቹን ስታገኚ ከድንጋጤው እኩል ደስ ያለሽም ይመስለኛል። ለሚጽፍ ሰው እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜው አንዴ ቢገጥመው ነው። በዚያ ደስታ አትፈሪ። ቤተሰብሽን ስለማትወጂ አይደለም የመጣው። ሆኖም ያው ደስታ አሁን እያጣደፈሽ ነው፤ አሳታሚውም እያገዘው ነው።

የጣሊያናዊ መኮንኑን ሐሳብ በቶሎ እንዝጋው። እሱ መደበቂያ አይሆንሽም፤ ሌላ መጽሐፍ ነው የሚሆንብሽ። ጣሊያኖች በሚያዝያ 1929 ባወጡት ሕግ አንድ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ሲኖር ከተገኘ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ይጠብቀው ነበር። በ1932 ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ክልስ ልጁን ልጄ ብሎ በሕግ እንዳይቀበል ከለከሉ። የአጎትሽ የልደት ዓመት መሆኑን አስተውይ። እንዲህ ያለ ልጅ አባቱ ማን እንደሆነ መልኩ ይናገርበታል። እናቱም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሰፈሩ ፊት ተገልጣ ነው የምትኖረው። የእምዬ ሕይወት ግን የተሠራው በዝምታ ነው። ዝምታ የሚቻለው የሰውየው መልክ የአገር መልክ ስለሆነ ነው። መኮንን ስታደርጊው 80 ዓመት የቆየው ዝምታ ምክንያት ያጣል። የእነዚያ እናቶችና የክልስ ልጆቻቸው ታሪክ ደግሞ ራሱን ችሎ ሊጻፍ የሚገባው ነው፤ ለሌላ ነገር መሸፈኛ ባናደርገው ደግ ነው።

ስለ አስተርጓሚው እናውራ፤ ልብሽ ያለው እሱ ጋ ነውና። ፍቼን አስቢያት። በታኅሣሥ 1929 የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋወሰን በምሕረት ቃል ታምነው እጃቸውን ሰጡ፤ እዚያው ፍቼ ተገደሉ። በግንቦት ወር እዚያው አጠገብ ደብረ ሊባኖስ ላይ መነኮሳትና ምእመናን ተፈጁ። በእንዲህ ያለ ከተማ የጣሊያንን ቃል በአማርኛ የሚናገር አፍ እንዴት እንደሚታይ መገመት አያዳግትም። እምዬ ያንን ሰው ሲወዱ ምን እንደሚወዱ አያውቁም ነበር ማለት ይከብዳል። እያወቁ ነው የወደዱት። የልቦለድሽ እሳት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አንቺ ግን ንጹሕ ልታደርጊው ስትጣደፊ እሳቱን እያጠፋሽው ነው።

የውስጥ አርበኛ ሊሆን አይችልም አላልኩም። ሊሆን ይችላል። ሸዋረገድ ገድሌ አዲስ አበባ ተቀምጠው ለአርበኛው መረጃና ስንቅ ያቀብሉ ነበር፤ ተይዘው እስከ ጣሊያን አገር ተግዘዋል። የካቲት 12 ቀን 1929 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩት አንዱ አብርሃ ደቦጭ ራሱ በጣሊያኖች ቢሮ ተቀጣሪ ነበር። በየካቲት 11 ሰፈሩ ምን ብሎ ይጠራው እንደነበር ማን ያውቃል? በሌላ በኩል ጠላት ሲወጣ «እኔም የውስጥ አርበኛ ነበርኩ» ማለት ለብዙ ሰው መጠለያ ሆኗል። አንቺ በእጅሽ ያለው ስለ መድኃኒት የምትናገር አንዲት መስመር ብቻ ናት። መድኃኒቱ ለቆሰለ አርበኛ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት ለያዘው ሕፃን ልጁም ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም አንባቢው እኩል ይፍራቸው፣ እኩል ይመኛቸው። አትፍረጂለት፤ አትፍረጂበትም። ደግሞም ሰውየውን ነፃ የማውጣቱ ጥድፊያ ለልቦለዱ ሲባል ነው ወይስ አንቺ ራስሽ ጋሽዬ ፊት ለመቆም እንዲቀልልሽ? ይህን ብቻሽን ስትሆኚ አስቢበት።

ደብዳቤሽን ሳነብ የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ስለ አስተርጓሚው ኮት፣ የእጅ ጽሑፍ፣ ፍቅር ነገርሽኝ። ስለ አያትሽ የነገርሽኝ ጫካ መግባታቸውንና «ያውቁ እንደነበር እናቴ ትገምታለች» የምትለዋን ብቻ ነው። በእሷ ላይ ቆም በይ። አንድ አርበኛ አምስቱን ዓመት ታግሎ ከጫካ ይወጣል። የሚወዳት ሴት ሕፃን ታቅፋ ትጠብቀዋለች ያለው የለም። ልጁ በጠላት ቢሮ ከሚሠራ ሰው የተወለደ ነው። እሳቸው ግን ልጁን በስማቸው አስጠሩ። እናቱን በቁርባን አገቡ። ኒሻናቸውን ለዚያው ልጅ አወረሱ። ስንት ሰው «ባንዳ» የሚለውን ቃል እንደ ጥይት በሚተኩስበት ዘመን! ዛሬ በሥራ ላይ ያለው፣ በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ እንኳ አባትነት ከሚታወቅባቸው መንገዶች አንዱ ልጄ ነው ብሎ መቀበል እንደሆነ ይደነግጋል። አያትሽ ያን ጊዜ ይህን ያደረጉት ማንም ሳያስገድዳቸው ነው። ምናልባት አውቀው ነው፤ ምናልባት ጠርጥረው ላለመጠየቅ ወስነው ነው። በሁለቱም መንገድ እኔ እንደ አንባቢ ልከተላቸው የምፈልገው ሰው እሳቸው ናቸው። በረቂቅሽ ውስጥ ምን ያህል ገጽ አላቸው? የእሳቸውን ዝምታ ከውስጥ ሆነሽ ጽፈሽዋል?

ይህን የምልሽ ለልቦለዱ ብቻ ብዬ አይደለም። ጋሽዬ አንድ ቀን የሚሰሙ ከሆነ፣ መስማት ያለባቸው «አባትህ አባትህ አልነበሩም» የሚል ዜና አይደለም። አያትሽ መርጠዋቸዋል። ምስጢሩ ይህንንም ይጨምራል። አንቺ ግማሹን ብቻ ይዘሽ ከሄድሽ ትጎጃቸዋለሽ።

ወደ እናትሽ እንመለስ። «እኔን ቀብረሽ አውጪው» ማለታቸውን እንደ ቁጣ ብቻ አትውሰጂው። አደራ ነው የተሸከሙት፤ ያውም የሟች አደራ። የወንድማቸውን ዓይን እያዩ ይህን ሁሉ ዓመት ብቻቸውን ይዘውታል። ስለዚህ ስለ መጽሐፉ ሳታነሺ አንድ ቀን አብረሻቸው ተቀመጪ። «እማ፣ እንዴት ቻልሽው?» ብለሽ ጀምሪ። እስኪጨርሱ አትናገሪ። ከዚያ የእምዬን ቃል እንዳለ እንዲነግሩሽ ጠይቂ። «እሱ እንዳይሰማ» ብቻ ነበር ያሉት? ወይስ «እኔ እያለሁ እንዳይሰማ»? ወይስ «ከሰው አፍ እንዳይሰማ»? በሦስቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ምን ፈርተው እንደነበርም ጠይቂያቸው። ልጃቸው እንዳይጠላቸው ነው? የባላቸው ክብር እንዳይነካ ነው? ምናልባት እናትሽ ራሳቸው ይህን ጠይቀው አያውቁም። የሟች አደራ የሚከበረው ሟች የፈሩት ነገር ሲጠበቅም ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ግን አንቺ ለእናትሽ አታስተምሪያቸው። ራሳቸው ይድረሱበት።

ጋሽዬስ? ምንም አያውቁም ብለሽ እርግጠኛ አትሁኚ። ትንሽ ከተማ ውስጥ ያደገ ልጅ በጠብ መሃል፣ በለቅሶ ቤት፣ በጉድጓድ ውኃ ዳር የማይሰማው የለም። ያቺ «የባንዳ ዘር» የሚሏት ስድብ ከመጀመሪያው ከማን ሰምተዋት ይሆን? ለማን ስትባል? እኔ መልሱን አላውቅም። ነገር ግን ሰው ዕድሜውን ሙሉ ደጋግሞ የሚወረውራት ቃል አንዳንዴ መጀመሪያ እሱ ላይ የተወረወረች ናት። እንዲህ ከሆነ ጋሽዬ ከአንቺ የበለጠ ለረጅም ጊዜ ይህን ይዘው ኖረዋል ማለት ነው።

ስለዚህ ሳትነግሪያቸው ሂጂና አድምጫቸው። የአባባን ነገር እየጻፍኩ ነው በያቸው፤ ውሸት አይደለም። «ልጅ ሆነህ ስለ ጦርነቱ ምን ይነግሩህ ነበር?» «እምዬ ስለዚያን ጊዜ ስትጠየቅ ምን ትል ነበር?» «ከአንተ ጋር ብቻቸውን ሲሆኑ አባባ እንዴት ነበሩ?» እንዲህ እንዲህ እያልሽ ጠይቂ። አትቸኩዪ፤ ቡናው ቢሄድ ምሳው ይምጣ። ከፈቀዱ ድምፃቸውን ቅጂ። ወደዚያ በር የሚጠጉ ከሆነ ታያለሽ። አንዳንድ ሽማግሌ ራሱ «ሰው የሚለው ነገር ነበር…» ብሎ ይጀምርና ፊትሽን ያያል። ያኔ አትሽሺ። በሌላ በኩል ከልብ የሚያስቆማቸው ነገር ካየሽ፣ ወሬ ከቀየሩ፣ ከተቆጡ፣ ተያቸው። አለማወቅን መምረጥም የእሳቸው መብት ነው።

በሩን ራሳቸው ከከፈቱት ግን ነገሩን የሚነግሯቸው እናትሽ ይሁኑ። እህታቸው ናቸው፤ አደራውም የእሳቸው ነው። አንቺ ሻይ ቅጂና አጠገባቸው ሁኚ። የሚያምኑት የንስሐ አባት ወይም የዕድሜ ጓደኛ ካላቸው ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ብቻቸውን እንዳይሆኑ ቀድማችሁ አስቡበት፤ የደም ግፊትና የልብ ነገር ካለባቸውም እንደዚያው። ደብዳቤዎቹንና ፎቶግራፉን ያን ጊዜ ለእሳቸው ስጪያቸው። ኮፒውን አይደለም፤ ዋናውን። «ልጁን ሳሚልኝ» የተባለው ስለ እሳቸው ነው። ሊያቃጥሏቸው ይችላሉ። ያምሻል። ቢሆንም የእሳቸው ናቸው።

አሁን ወደ መብት ጥያቄሽ። አዎ፣ የቤተሰብሽን ታሪክ የመጻፍ መብት አለሽ። መጻፍሽን ደግሞ እንዳታቆሚ እለምንሻለሁ። የማሳተሚያ ጊዜ ግን ሌላ ነገር ነው። ጋሽዬ በሕይወት እያሉ፣ ሳያውቁና ሳይስማሙ ይህ መጽሐፍ ባይወጣ እመርጣለሁ። እውነትን መቅበር ነው ብዬ አላስብም። ታሪኩ 80 ዓመት ጠብቋል፤ ሊደማ የሚችለው ሰው ግን ዛሬ ነው ያለው። የወንድምሽ «ስም ቀይሪና አለቀ» አያስኬድም። ፍቼን፣ 1932ን፣ አርበኛ ባልን፣ ኒሻን ለብሶ የድል ሐውልት የሚሄድ ልጅን አንድ ላይ ካስቀመጥሽ ዘመድ አዝማድ ስም አያስፈልገውም። በእውነት ለመለወጥ ከፈለግሽ ሥሩን ለውጪ። ከተማውን ለውጪ። ልጁን ሴት አድርጊያት፤ ሴት ልጅ ስትሆን የአርበኛ አባቷን ስም የምትሸከምበት መንገድ ሁሉ ይለወጣል፤ አንቺም አዲስ ነገር ለመፈልሰፍ ትገደጃለሽ። ኒሻኑን ተይው። ደብዳቤዎቹን ቃል በቃል አትገልብጪ፤ የራስሽን ጻፊ። ምናልባት ከዚያ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ልቦለድ ከጋሽዬ የራቀ፣ ለአንቺም የተሻለ ይሆናል። ያን ጊዜም ቢሆን መጀመሪያ እናትሽ ያንብቡት።

እስከዚያው የምትሠሪው ሞልቷል። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሂጂ፤ ግራዚያኒ ላይ ቦምቡ የተወረወረበት ግቢ ነው፤ ግቢውን ማየቱ ብቻ ይጠቅምሻል። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ደግሞ የዘመኑን ጋዜጦች ጠይቂ። አዲስ ዘመን መታተም የጀመረው በግንቦት 30 ቀን 1933፣ ንጉሡ አዲስ አበባ በገቡ በወሩ ገደማ ነው። በዚያ ሰሞን ሰው ስለ ጀግና፣ ስለ ከሃዲ፣ ስለ ምሕረት በምን ዓይነት ቋንቋ ይናገር እንደነበር አድምጪ። እምዬ ሕፃን ታቅፈው የሰሙት ያንን ቋንቋ ነው። አያትሽም ከጫካ ወርደው የገቡት ወደዚያ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ባዶሊዮ አዲስ አበባ ገባ፤ በአምስተኛው ዓመት በዚያው ቀን ንጉሡ ተመለሱ። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል አንዲት ወጣት ሴት ምን ምን እንደመረጠች፣ ምንስ እንደተመረጠባት ለማወቅ ከአራት ደብዳቤ የበለጠ ያስፈልግሻል።

በዚህ ሳምንት ግን መጀመሪያ ለአሳታሚው ደውዪ። ለሚቀጥለው የድል በዓል እንደማይደርስ ንገሪው፤ ምክንያቱን መዘርዘር የለብሽም። «ከቤተሰብ ጋር ያላለቀ ነገር አለኝ፤ ሲያልቅ እመጣለሁ» በቂ ነው። ረቂቁን ለሌላ ሰው እንዳያሳይ አስጠንቅቂው፤ በኢሜይል የላክሽለት ከሆነም እንዲያጠፋው ጠይቂ። መጽሐፉን ከልቡ ከወደደው ይጠብቃል። ካልጠበቀ ሌላ አሳታሚ ይገኛል፤ ጋሽዬ ግን አንድ ናቸው። ስልኩን ስትዘጊ ወደ እናትሽ ሂጂ።